«በቀላሉ» ለማን?



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለፕሮግራሚንግ ተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት የቤተ ሙከራ መመሪያ ውስጥ «ፋይሉን በቀላሉ ከፍታችሁ አስተካክሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንዲት ተማሪ ሦስት ቀን ሙሉ ሞክራ አልሆነላትም፤ ፋይሉን ለመለወጥ የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መመሪያው አልነገራትም ነበርና። «ለምን ቀደም ብለሽ አልጠየቅሽኝም?» ብላት «መምህር፣ ቀላል ነው ይላል እኮ፤ ያቃተኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ትምህርቱን ልትተው ተቃርባ ነበር።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ «በቀላሉ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ማንም እንደሚረዳው» የሚሉትን አገላለጾች በጥርጣሬ አያለሁ። ከሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ ብንሰርዛቸው አንባቢው የሚያጣው ዕውቀት የለም። ሥራው ለተሳካለት ሰው ትርፍ ቃላት ናቸው፤ ላልተሳካለት ግን ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ይፈርዱበታል። ከዚህም በላይ ጸሐፊው «ቀላል» ብሎ ያለፈው ስፍራ ብዙውን ጊዜ ማብራሪያ የጎደለበት ነው፤ የለመደ እጅ የሚሠራውን እያንዳንዱን እርምጃ አያስተውልምና። ስለዚህ ቃሉን ሰርዘን የጎደለውን እንተካ፦ «ፋይሉን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይክፈቱ»።

ሁለተኛው ጉዳይ ስያሜ ነው። በመረጃ ቋት ሥራ ዋናው ኮምፒውተርና የእርሱን መረጃ የሚገለብጠው ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ «ጌታ» እና «ባሪያ» ሲባሉ ኖረዋል። ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 እነዚህን ቃላት ከሰነዶቹ አስወጣ፤ ፓይተንም በ2018 ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደ። ጊትሃብ ደግሞ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ በአዳዲስ ማከማቻዎች የዋናውን ቅርንጫፍ መጠሪያ ከ«ማስተር» ወደ «ሜይን» ለወጠ። «ቃል ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በአማርኛ «ባሪያ» ዛሬም ሰው የሚዋረድበት ስድብ ነው፤ መመሪያውን የሚተረጉም ተማሪ ይህን እንዴት ይጽፋል? «ዋና» እና «ቅጂ» ብንል ማንንም አናስቀይምም፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራም በትክክል እንገልጻለን።

ሦስተኛው የራሳችን ቋንቋ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጾታ አይለይም፤ አማርኛ ግን «ጫን» ሲል ወንድን፣ «ጫኚ» ሲል ሴትን ይጠራል። «ይጫኑ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ሁለቱንም ያቅፋል። ይሁንና አክብሮቱ በግስ ብቻ አይሞላም፤ «በቀላሉ ይጫኑ» ብንል የተቸገረው ሰው ያው ማፈሩ ነው።

ያን መመሪያ ያቺ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ አረምነው። እርሷ በቆመችበት ስፍራ ሁሉ አንድ የጎደለ ዐረፍተ ነገር አገኘን። እናንተም የምትጽፉትን መመሪያ ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ ጀማሪ ስጡት፤ ሲሠራም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።