ጭንቀት ለማብረድ ጌም መጫወት፦ አእምሮ ያርፋል፣ ሰውነትስ?

 

«ዶክተር፣ ከሥራ ስወጣ ጭንቅላቴ ስለሚወጠር ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ፤ ይጎዳኛል እንዴ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የባንክ ሠራተኞችም፣ የሂሳብ ባለሙያዎችም፣ ነርሶችም አሉበት። እኔም ስለምጫወት ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ።

የምጫወተው ዲያብሎ ኢሞርታል የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለስልክና ለኮምፒውተር የወጣ ጌም ነው። ተዋጊያችሁን ትመርጣላችሁ፣ ከየአቅጣጫው የሚጎርፉ አጋንንትን ትገጥማላችሁ፣ እነሱ ሲወድቁ የሚጥሉትን የጦር መሣሪያ እየለቀማችሁ ትጠነክራላችሁ። ፋታ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ግርግር ሰውን እንዴት ያሳርፋል?

🔹 ለምን ቀለል ይለናል?

ዛቢነ ዞነንታግ እና ሻርሎት ፍሪትዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሥራ ድካም ለማገገም የሚረዱ አራት ነገሮችን ለይተዋል፦ ከሥራ ሐሳብ መላቀቅ፣ አዲስ ነገር መቻል፣ በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ እና የሰውነትና የመንፈስ መርጋት።

ፈጣን ጌም የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ጥሩ አድርጎ ይሰጣል። ሶፋ ላይ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ የአለቃ ቁጣ፣ ያላለቀ ሪፖርት፣ የቤት ኪራይ ይመላለስባችኋል። ቲቪ ብትከፍቱም ዓይን ያያል፣ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ይሄዳል። አሥር ጋኔን ሲከባችሁ ግን ስለ ሪፖርት ማሰብ አትችሉም!

ሌላም አለ። ዋርድ ውስጥ ስውል የላብራቶሪ ውጤት ይዘገያል፣ ያዘዝኩት መድኃኒት ይጠፋል፣ የቻልኩትን ሁሉ አድርጌም በሽተኛው ላይሻለው ይችላል። ጌሙ ውስጥ ግን የለፋሁት ወዲያው ይታያል። ልፋቱ ውጤት በማያሳይ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

🔹 ችግሩ አራተኛው ላይ ነው

ጌሙ የማይሰጠው መርጋትን ነው። ሐሳባችሁ ከሥራ ቢላቀቅም ሰውነታችሁ ውጊያ ላይ ነው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትከሻና አንገት ይወጠራል፣ የዓይን ርግብግቢት ይቀንሳል። የስክሪኑ ብርሃን ደግሞ እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል። ስልኩን ስታስቀምጡ ሰውነት ወዲያው አይበርድም።

አንድ ወጣት «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። ምርመራው ደህና ነው። ከፋርማሲ የእንቅልፍ ክኒን ገዝቶ ሊጀምር አስቧል። ማታ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልጋው ላይ ጌም ይጫወታል። እሱ የሚያስፈልገው ክኒን ሳይሆን ሰዓት መቀየር ነበር። ክኒኑ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላለው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በፍጹም አትጀምሩ።

🔹 «አንድ ብቻ ልጨምር» ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ 8 ወንዶች የታንክ ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው ሲታይ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በብዛት ሲለቀቅ ተገኝቷል። እንደ ዲያብሎ ያሉ ጌሞች ደግሞ ቀጥሎ የሚወድቀው ዕቃ ተራ ይሁን ብርቅ አይነግሯችሁም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሰውን አጥብቆ ይይዛል፤ ቁማርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ጌሙ በነጻ ቢወርድም ውስጡ የሚሸጥ ነገር ሞልቷል። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ውስጥ ሳይለቀቅ የቀረውም ዕድልን በገንዘብ መሸጥን በሚመለከቱ ሕጎች ምክንያት ነው።

🔹 ስለዚህ እንዴት እንጫወት?

👉 ከሥራ እንደገባችሁ ተጫወቱ፤ ከመተኛታችሁ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት አቁሙ። በዚያ ሰዓት ሻወር፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ወይም ከቤተሰብ ጋር ጨዋታ አራተኛውን ነገር ይሞላላችኋል።
👉 ማቆሚያውን ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። ውጊያ መሀል ማቆም ከባድ ስለሆነ «ይህ ዙር ሲያልቅ» በሉ።
👉 በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ፤ አውራ ጣታችሁንና አንገታችሁንም አፍታቱ።
👉 የክፍያ ካርዳችሁን ጌሙ ላይ አታስቀምጡ።
👉 ሌሊቱን ስትሠሩ ካደራችሁ መጀመሪያ ተኙ። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ጌም ይህንን አይተካም።
👉 የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሊያስነሳባችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

🔹 መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ጌሙ ከሥራ፣ ከትምህርትና ከቤተሰብ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት፤ ከጠናም ያን ያህል አይጠበቅም። ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው ሱሰኛ አይባልምና ባለቤቶችና እናቶች ረጋ በሉ 😊

ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ጠዋት ስነሳ አርፌያለሁ ወይ? አዎ ካላችሁ በርቱ፣ ተጫወቱ። አይ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩ፤ ለሁለት ሳምንት ሞክሩትና ለውጡን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ለሚጫወት ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም እንቅልፍ!