ስለ ሁለት የባሌ ጉርጦችና ስለ አጠባበቃቸው

መቼም ለወረዳ ሹማምንት ስለ ጉርጥ መጻፍ ለብዙ ሰው ከንቱ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳሩ ግን ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ከቶ የማይገኙ ሁለት የጉርጥ ዓይነቶች ስላሉ፤ እኛም ካልጠበቅናቸው የሚጠብቃቸው ሌላ መንግሥት ስለሌለ ነገራቸውን ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፊተኛዪቱ የማልኮልም ጉርጥ ትባላለች፤ በሊቃውንት መዝገብ የገባችውም በ1978 ነው። ቁመቷ ከአውራ ጣት ያንሳል፤ መኖሪያዋም በባሌ ተራራ አስታና ጊብራ የሚበቅሉበት ቀዝቃዛና እርጥብ መሬት ነው። ሁለተኛዪቱ የኦስጉድ ጉርጥ ናት፤ ስሟም የቺካጎ ቤተ መዘክር ሊቅ ለነበረው ለዊልፍሬድ ኦስጉድ መታሰቢያ ሆኖ በ1932 ተሰጣት። እርስዋ በአካል ትበልጣለች፤ የምትኖረውም በደጋው ደን ውስጥ ነው።

ሁለቱ ዘመዳሞች ሲሆኑ በአወላለድ እጅግ ይለያያሉ። የኦስጉድ ጉርጥ እንደ ሌሎቹ ጉርጦች እንቁላልዋን በውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ ጅራታም ልጆችዋም እየዋኙ ያድጋሉ። የማልኮልም ጉርጥ ግን እንቁላልዋን የምትጥለው በእርጥብ መሬት ላይ በሣር መካከል ነው፤ ልጆችዋም ሳይዋኙና ምግብ ሳይሹ ከእንቁላሉ በተረፈው ስንቅ ብቻ እስኪጠነክሩ ይቆያሉ። ስለዚህ ለአንዲቱ ኩሬው ቢደፈርስ፤ ለሌላዪቱ ሣሩ ቢረገጥና መሬቱ ቢደርቅ ዘር መተካት ይቀራል።

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ሁለቱም የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ፍጥረታት ጋር ተጽፈዋል። ይልቁንም የኦስጉድ ጉርጥ በ2003 ከታየች ወዲህ፤ እስከ 2009 ድረስ በባሌ በተደረገው ፍለጋ አለመገኘቷን ሊቃውንቱ በ2013 አስታውቀዋል። ለጉዳቱም ምክንያት የሚሆኑት የደን መመንጠር፤ የማገዶ መቆረጥ፤ የከብት መብዛትና የእሳት ቃጠሎ ናቸው። ከዚህም ሌላ እንቁራሪቶችን በቆዳቸው የሚይዝ የሻጋታ በሽታ በአገራችን ደጋ ተገኝቷል።

ከባሌ ተራራ የሚመነጨው ውኃ ወደ ገናሌና ወደ ዋቤ ሸበሌ ወርዶ የቆላውን ሕዝብና ከብት ያጠጣል። ጉርጦቹን የሚያኖረው እርጥብ መሬት ይህንኑ ውኃ የሚያጠራቅም መሬት ነው፤ ስለዚህ የጉርጥ መጥፋት ምንጩ ከመድረቁ አስቀድሞ እንደሚደርስ መልእክተኛ ሊቆጠር ይገባዋል።

እንግዲህ በዚያ አገር የተሾመ ሁሉ የምንጩን ዙሪያ ለእርሻ ከመስጠት ይቆጠብ፤ ከብት የሚጠጣበትን ስፍራ ከምንጩ ራስ አርቆ ይለይ፤ እንቁራሪትም ሆነ የኩሬ ውኃ ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳይወሰድ ያስጠንቅቅ። ይህንም ሲያደርግ ከብቱን በየወራቱ ወደ ተራራው የሚያወጣውን ባላገር በማባረር ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ ጋር በመምከር ይሁን፤ የምንጩን ጠባይ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና።