«ዳሊ»፦ አንድ ብርቅ የካታላን የቤተሰብ ስም ስለ ዘር ምን ይነግረናል?

በጁላይ 20 ቀን 2017 ምሽት፣ በሰሜን ምሥራቅ ስፔን በምትገኘው በፊጌረስ ከተማ፣ የፎረንሲክ ባለሙያዎች በአንድ ሙዚየም ወለል ሥር የሚገኝ መቃብር ከፈቱ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመቃብሩ ያረፈው በ1989 የሞተው ታዋቂው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ነበር። አስከሬኑ እንዳይፈርስ በመድኃኒት ተጠብቆ የቆየ በመሆኑ፣ የሠዓሊው መለያ የነበረው ጢም ጫፎቹ ወደ ላይ እንደ ቀኑ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ከፀጉሩ፣ ከጥፍሩ፣ ከጥርሱና ከአጥንቱ ናሙና ወስደው መቃብሩን መልሰው ዘጉት።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው አንዲት ሴት «የሠዓሊው ልጅ ነኝ» በማለት ያቀረቡት የፍርድ ቤት አቤቱታ ነው። አቤቱታው እውነት ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ከውርስ ድርሻ በተጨማሪ «ዳሊ» የሚለውን የቤተሰብ ስም የመያዝ መብት ባስገኘላቸው ነበር። ይህ ስም በስምንት ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ከብርቅዬዎቹ የሚቆጠር ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ስም ከየት ይመጣል? ስሙን የያዙት ሰዎችስ ከየት መጡ? ጥቂት ሆነው የቀሩትስ ለምንድን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ጥያቄ ይታያሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን የሦስቱም መልስ ለየብቻው የሚፈለግ መሆኑን ነው።

የቤተሰብ ስም በካታሎንያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። የአበበ ልጅ «ከበደ አበበ» ከተባለ፣ የከበደ ልጅ ደግሞ በተራው ከስሙ ቀጥሎ «ከበደ» የሚለውን ይይዛል። ስለዚህ ሁለተኛው ስም በየትውልዱ ይለወጣል። በካታሎንያ ግን፣ እንደ አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ሁሉ፣ አንድ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ይተላለፋል።

የካታላን የቤተሰብ ስሞች መታየት የጀመሩት በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። ምንጫቸውም የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ከቦታ የተወሰዱ ናቸው፤ ለምሳሌ «ፑች» ማለት ኮረብታ ማለት ነው። አንዳንዶቹ የሙያ ስሞች ናቸው፤ «ፌሬር» ብረት ቀጥቃጭ፣ «ፉስተር» አናጢ ማለት ነው። እንደ «ሮች» (ቀይ) ያሉት ከመልክ የተነሡ ቅጽል ስሞች ሲሆኑ፣ «ሚሮ»ን የመሰሉት ደግሞ የጥንት ሰዎች መጠሪያዎች ነበሩ። በ1563 የተጠናቀቀው የትሬንቶ ጉባኤ አድባራት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ማዘዙ የስሞቹን መተላለፍ አጠናከረው፤ በ1870 የወጣው የስፔን የሲቪል ምዝገባ ሕግም ሥርዓቱን በመንግሥት መዝገብ አጸናው።

በስፔን ማንኛውም ሰው ሁለት የቤተሰብ ስሞች አሉት፤ አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት የሚወረስ ነው። ሴቶችም ሲያገቡ ስማቸውን አይለውጡም። ሠዓሊው በሙሉ ስሙ «ሳልቫዶር ዳሊ ኢ ዶሜነክ» ይባል የነበረው ከአባቱ ዳሊን፣ ከእናቱ ዶሜነክን ወርሶ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው ሥርዓት ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገረው የአባት ወገን ስም ነበር።

ቃሉ ከየት መጣ?

ሳልቫዶር ዳሊ የዐረብ ዘር እንዳለው በኩራት ይናገር ነበር፤ ቅድመ አያቶቹንም በ711 ወደ ስፔን ከተሻገሩት ሙስሊሞች ጋር ያያይዛቸው ነበር። ለስሙ ምንጭነት ከሚጠቀሱት ቃላት መካከል ዋነኛው «ደሊል» የሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም መሪ፣ መንገድ አመልካች ማለት ነው። ከዚሁ ቃል «አዳሊድ» የሚል የስፓኝ ቃል መወለዱ የታወቀ ነው፤ የጦር መሪ ማለት ነው። የእኛው «ደላላ»ም የዚሁ የዐረብኛ ሥር ዝምድና አለው። ደላላ ገዢን ከሻጭ የሚያገናኝ፣ መንገድ የሚያመለክት ሰው አይደለምን?

ይሁን እንጂ የቃል መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የታላቁ ደራሲ የሰርቫንቴስ ታሪክ ነው። ሰርቫንቴስ በ1575 በባሕር ላይ ተማርኮ አልጄርስ ሲወሰድ ጌታው የሆነው የባሕር ወንበዴ «ዳሊ ማሚ» ይባል ነበር። ይህ «ዳሊ» ከካታላኑ ስም ጋር አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን «ደሊ ማሚ» ተብሎም ስለሚጻፍ፣ «ደሊ» ከሚለው የቱርክ ቃል ጋር ይያያዛል። የቃሉም ትርጉም እብድ ወይም ደፋር ማለት ነው።

የዘመናት ስሌቱም ሌላ ችግር ያመጣል። ፊጌረስ የምትገኝበት የኤምፖርዳ አውራጃ ለሙስሊሞች አገዛዝ ያደረው በ8ኛው መቶ ዓመት ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት ብቻ ነው። ጂሮና በ785፣ ባርሴሎና በ801 በፍራንኮች እጅ ገቡ። የቤተሰብ ስሞች የተፈጠሩት ግን ከዚያ በኋላ ሦስት መቶና አራት መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለሆነም በ711 የተሻገረ ማንም ሰው «ዳሊ» የሚል የቤተሰብ ስም ይዞ ለልጆቹ ሊያወርስ አይችልም ነበር። ቃሉ ዐረብኛ ቢሆን እንኳ፣ ካታላንኛ ብዙ የዐረብኛ ቃላትን ስለተዋሰ፣ ስሙ የወጣለት ሰው አንድም ዐረብ ዘመድ የሌለው የአገሩ ገበሬ ሊሆን ይችላል። የሠዓሊውን ሕይወት ያጠናው ኢያን ጊብሰን በደብር መዝገቦች የተከተለው የቤተሰቡ ዱካ ያደረሰው፣ በፊጌረስ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ልዬርስ መንደር ነው።

ቃልና ደም

ቃሉ መልስ የማይሰጥበትን ጥያቄ ባዮሎጂ ሊመልሰው ይችል ይሆን? ወንዶች ከአባታቸው ብቻ የሚወርሱት ዋይ ክሮሞዞም አለ። የቤተሰብ ስምም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ስምና ክሮሞዞም በአንድ መንገድ የሚጓዙ ሁለት መንገደኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ክሮሞዞሙ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ጥቃቅን ለውጦች፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ ይታዩበታል። ሁለት ሰዎች የጋራ አባታቸው ቅርብ ከሆነ የለውጦቹ ልዩነት ያንሳል፤ ሩቅ ከሆነ ይበዛል። በዚህም የጋራ አባታቸው የኖረበትን ዘመን መገመት ይቻላል።

በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በመጠቀም 50 የካታላን የቤተሰብ ስሞችን የያዙ 2,500 ያህል ወንዶችን መርምረው ውጤቱን በ2015 አሳትመዋል። ከግኝቶቻቸው መካከል አራቱ ለጉዳያችን ጠቃሚ ናቸው።

አንደኛ፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን ባለቤቶቹ ከአንድ አባት የመወለዳቸው ምልክት እየጠነከረ ይሄዳል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ቀጥቃጭ የሌለው መንደር ስላልነበረ «ፌሬር» የሚለው ስም በብዙ ቦታ ለየብቻው ሊወጣ ይችላል፤ ያልተለመደ ስም ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ሰው ላይ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የስሞቹ መሥራች አባቶች በአማካይ የኖሩት ከ500 ዓመታት ያህል በፊት ነው። ስሞቹ ከተፈጠሩበት ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ዓመት ጋር ሲነጻጸር ይህ ዘግይቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ስሞቹ ከተፈጠሩ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ ዘወትር መተላለፋቸው ሥርዓት እስኪይዝ ጊዜ ወስዷል።

ሦስተኛ፣ በየትውልዱ ከ1.5 እስከ 2.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ስምና ክሮሞዞም ይለያያሉ። ጉዲፈቻ፣ ከእናት የተወረሰ ስም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። አኃዙ ትንሽ ቢመስልም ይጠራቀማል። በየትውልዱ 2 በመቶ ቢለያዩ፣ ከ20 ትውልድ በኋላ የመሥራቹን ክሮሞዞም ይዘው የሚቀሩት ከሦስት ሁለት እጁ ብቻ ናቸው።

አራተኛ፣ የስሙ ቃል ከባዕድ ቋንቋ መምጣቱ የስሙ መሥራች ባዕድ መሆኑን በአብዛኛው አያሳይም። ሆኖም ከዐረብኛ የመጡ አንዳንድ ስሞችን በያዙ ሰዎች ላይ የሰሜን አፍሪካ ክሮሞዞም ከተለመደው በዝቶ ተገኝቷል። እንግዲህ የሠዓሊው እምነት በመርህ ደረጃ የማይቻል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሊያረጋግጠው የሚችለው ምርመራ እንጂ ስሙ አይደለም።

ብርቅ የሚሆነው ለምንድን ነው?

አንድ ስም ጥቂት ሰዎች ብቻ ከያዙት፣ ዘሩ በበሽታ ወይም በጦርነት የተመታ ይመስለናል። ሒሳብ ግን ከዚህ ቀላል ምክንያት ይሰጠናል፤ እርሱም አጋጣሚ ነው።

በ1873 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን የታላላቅ ቤተሰቦች ስም የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ለሒሳብ ሊቃውንት ጥያቄ አቀረበ። ቄስና የሒሳብ ሰው የነበረው ሄንሪ ዊልያም ዋትሰን መልስ ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሁለቱ በጋራ ጥናታቸውን አሳተሙ። ፈረንሳዊው ቢያኔሜ ከእነርሱ በፊት በ1845 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

አንባቢ ራሱ ሊያሰላው የሚችል ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ብቻ የያዘው ስም አለ እንበል። እርሱም ሆነ ከእርሱ የሚወለዱት ወንዶች እያንዳንዳቸው ወንድ ልጅ ያለማግኘት ዕድላቸው ከአራት አንድ፣ አንድ ወንድ ልጅ የማግኘት ዕድላቸው ከአራት ሁለት፣ ሁለት የማግኘት ዕድላቸው ከአራት አንድ ይሁን። አማካዩ በትክክል አንድ ስለሆነ የሕዝቡ ቁጥር አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስሙ በመጀመሪያው ትውልድ የመጥፋት ዕድሉ 0.25 ነው። ለሚቀጥለው ትውልድ በዚህ ቁጥር ላይ 1 ደምረን፣ ለ2 አካፍለን፣ ውጤቱን በራሱ እናባዛለን፤ 0.39 እናገኛለን። እንዲህ እያልን ስንቀጥል በ5ኛው ትውልድ 0.60፣ በ10ኛው 0.74 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር በ100 ሰዎች ከተያዙ 100 የተለያዩ ስሞች ውስጥ፣ በ300 ዓመት ገደማ ውስጥ 74ቱ ይጠፋሉ። የሕዝቡ ብዛት ግን ስላልተለወጠ፣ የቀሩት 26 ስሞች እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ አራት ወንዶች ያህል ይኖሯቸዋል። ማንም ሳይበደል፣ ማንም ሳይመረጥ፣ አንዱ ስም ሲሞት ሌላው ይበዛል።

ዋትሰን በስሌቱ ስሞች ሁሉ ውሎ አድሮ መጥፋታቸው አይቀርም የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። የወንዶች ልጆች አማካይ ቁጥር ከአንድ ከበለጠ አንዳንድ ስሞች ለዘለዓለም ሊቀጥሉ እንደሚችሉ በኋላ ተረጋግጧል። ዋናው ነገር መነሻው ነው። ስሙን በመጀመሪያ የያዙት አንድ ሳይሆኑ ዐሥር ወንዶች ቢሆኑ ኖሮ፣ በ10 ትውልድ ውስጥ ፈጽሞ የመጥፋት ዕድሉ ከ0.74 ወደ 0.05 ይወርድ ነበር።

የሠዓሊው ቤት ራሱ ለዚህ ምሳሌ ነው። አባቱ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። የመጀመሪያው ልጅ፣ እርሱም ሳልቫዶር የተባለው፣ በ1903 ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሁለተኛው በዓለም የታወቀው ሠዓሊ ሲሆን ልጅ አልወለደም። እኅቱ አና ማሪያም እንዲሁ ልጅ ሳትወልድ በዚያው በ1989 አረፈች። ስሙን በዓለም ሁሉ ያሰማ ቤት ስሙን የሚያወርሰው አላገኘም።

ዛሬ ስንቆጥር ምን እንቆጥራለን?

የስፔን ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋምና የካታሎንያ የስታቲስቲክስ ተቋም የቤተሰብ ስሞችን ብዛት ለሕዝብ ያቀርባሉ። በካታሎንያ ከሁሉ በልጦ የሚገኘው ስም የካታላን ሳይሆን «ጋርሲያ» ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ከሌሎች የስፔን ክፍለ ሀገሮች የፈለሰው ብዙ ሕዝብ ይዞት የመጣው ስም ነው። የስሞች ብዛት የሚናገረው ስለ ጥንት ዘር ብቻ ሳይሆን ስለ ትናንት ፍልሰትም ጭምር ነው።

ለብርቅ ስሞች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብሔራዊው ዝርዝር ስሞች ያለ ድምፅ ምልክት በትላልቅ ፊደላት ይጻፋሉ። በማግሬብ አገሮችም «ዳሊ» ተብለው የሚጻፉ ስሞች አሉ፤ ከሞሮኮ የመጡ ሰዎችም ዛሬ በካታሎንያ ከሚኖሩት የውጭ ተወላጆች መካከል ብዙዎቹ ናቸው። ስለዚህ በአንድ መስመር የተደመሩ ሰዎች የአንድ ቤት ልጆች ላይሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው ከ2017 ጀምሮ በስፔን የአባት ስም በቀጥታ ቅድሚያ ማግኘቱ ቀርቶ ወላጆች ቅደም ተከተሉን በስምምነት የሚወስኑ በመሆኑ፣ ሊጠፋ የነበረ ብርቅ ስም በሴት ልጅ በኩል ሊድን ይችላል። ያን ጊዜ ስምና ዋይ ክሮሞዞም ለየቅል ይጓዛሉ።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ ፊጌረስ መቃብር እንመለስ። አቤት ባይዋ ሴት በመሆናቸው ዋይ ክሮሞዞም የላቸውም፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሊያነጻጽሩ የሚችሉት ሌሎቹን ክሮሞዞሞች ነበር፤ ከእነዚህም ግማሹ ለማንኛውም ልጅ ከአባት የሚመጣ ነው። በሴፕቴምበር 2017 የተገለጸው ውጤት ሠዓሊው አባታቸው አለመሆኑን አሳየ። ቤተ ሙከራው ለአንድ ትውልድ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ጥያቄ ግን ስሙ እንዲህ ያለ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የስም ቃል ታሪክ የቋንቋ ታሪክ ነው፤ የባለቤቶቹ ዘር የባዮሎጂ ጉዳይ ነው፤ ብዛቱና ብርቅነቱ ደግሞ በአብዛኛው የአጋጣሚ ሒሳብ ውጤት ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሰውን ማንነት ከስሙ ብቻ ለማንበብ መሞከር ለሳይንስ ስሕተት ነው፤ በስሙ ለሚፈረድበት ሰው ደግሞ በደል ነው።