ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት

ሁዳዴ ሲገባ አረቄ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። በቅበላው ሲያመሹ የሰነበቱ ሰዎች ሰኞ ሲነጋ መለኪያውን ትተው ይጾማሉ፤ ብዙዎቹም 55ቱን ቀን ጠብታ ሳይቀምሱ ይጨርሳሉ። በሱስ ሕክምና ክፍል የምሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝና ከታካሚዎቼ አዘውትሬ የምሰማው ክርክር ከዚሁ የመጣ ነው፦ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ሱሰኛ አይደለሁም። ሁዳዴን በሙሉ አልቀመስኩም።»

እውነታቸውን ነው፣ አልቀመሱም። ለፈጣሪ ብለው የያዙትን ጾም ማንም ሊያቃልልባቸው አይገባም። ጾሙ ግን የሚፈታበት ቀን አለው፤ ያ ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ይታወቃል። ቀን እየቆጠረ የሚታገሥ ሰው መታገሥን እንጂ መተውን አይማርም። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ሃምሳ ቀናት ይመጣሉ፤ ሰርጉ፣ ግብዣው፣ የዘመድ ጥየቃው በእነርሱ ውስጥ ይውላል። ብዙ ታካሚዎቼ ከቀጠሮ የሚቀሩትም በዚያው ሰሞን ነው።

በቅድሚያ ግን ሕይወት የሚያድን ነገር ልናገር። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጀምበር ካቆመ ሰውነቱ ይናጋል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በ48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ አእምሮው ተምታቶ የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ፣ ያ በቤት የሚታለፍ ሕመም አይደለም፤ ይገድላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ መንፈስ መስሎት በቀጥታ ጸበል ይወስደዋል። ጸበልን አልቃወምም፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይዘው በርትተው የቆሙ ታካሚዎች አሉኝ። ያን ሌሊት ግን በመጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ይድረስ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሁዳዴን ለመያዝ ካሰበ ከቅበላው በፊት ሐኪም ያማክር።

አሁን ወደ ግርሻት፣ ማለትም ከተዉ በኋላ ዳግም ወደ ሱሱ ወደ መመለስ ልሂድ። ቤተሰብ «ፋሲካ ዕለት ጠጣ» ይለኛል። ከታካሚው ጋር ቁጭ ብለን ቀኖቹን ወደኋላ ስንቆጥር ግን ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ ሳምንታት በፊት ሆኖ እናገኘዋለን። ከብዙ ሰው የሰበሰብኩትን በአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር እንበል። አረቄውን ትቷል። ጫቱን ግን «እሱ ለሥራ ነው፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነው» ብሎ አስቀርቶታል። ሐኪሙም ቤተሰቡም የሚጠይቁት ስለ መጠጡ ብቻ ስለሆነ ጫቱን ያነሣበት የለም።

ጫት ለምን በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ገበያ እንደሚደርስ የሚቅም ሁሉ ያውቃል። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚቀንስ ነው። ይህ ንጥረ ነገር አእምሮን እንደ አምፌታሚን ያነቃቃል። ምርቃናው እያለ ሰውየው ብርቱ ነው፤ ሲበርድ ግን ይጨነቃል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ለዚያ ደግሞ የታወቀው ማርከሻ ጨብሲ ነው። ለዓመታት ከበርጫ በኋላ ሲጨብስ የኖረ አእምሮ ጫቱንና መጠጡን አንድ አድርጎ ይዟቸዋል። ስለዚህ ሹፌራችን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲቅም፣ በየምሽቱ አረቄውን የሚጠራ ደወል በገዛ እጁ እየደወለ ነው። በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፤ ጫትና መጠጥን አጣምሮ የኖረ ሰው አንዱን ትቶ ሌላውን ይዞ ብዙ አይዘልቅም። ሁለቱን በአንድ ቀን ጣል ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም በሕክምናው እቅድ ውስጥ ይግቡ ማለቴ ነው። ጫት ሲቆም ሀራራው፣ ድብርቱና ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ እንደሚመጡ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይችላቸዋል። ያልተነገረው ሰው ያበደ መስሎት በሦስተኛው ቀን ወደ በርጫው ይመለሳል።

የሹፌራችን ታሪክ ይቀጥላል። መጀመሪያ እንቅልፉ ተዛባ። ቀጥሎ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ከቀጠሮ ቀረ። ሚስቱ ስትጠይቀው «ደህና ነኝ» ብሎ ወሬውን ይዘጋል፤ በትንሹ በትልቁ ይቆጣል። ከዚያ የድሮ ጓደኞቹን ማግኘት ጀመረ፤ አምቦ ውሃ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ይደሰታል፣ «አየሽ፣ መሐላቸው ተቀምጦ እንኳ አይጠጣም» ይባላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ደስታ ነው። አረቄ ቤት ውስጥ አምቦ ውሃ የያዘ ሰው ጥንካሬውን እየፈተነ ነው፤ ፈተናው ደግሞ በደከመበትና ባዘነበት ቀንም ይመጣል። ፋሲካ ሲደርስ አማቹ የዘረጉለት የጠጅ ብርሌ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

አለን ማርላት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ጠጪዎችን፣ አጫሾችንና የሄሮይን ሱሰኞችን ወደ ሱሳቸው ምን እንደመለሳቸው አጥንተው ነበር። ከ10 ግርሻቶች 7 ያህሉ በሦስት ሁኔታዎች የመጡ ሆነው ተገኙ፤ መጥፎ ስሜት፣ ከሰው ጋር መጣላትና የሌሎች ግፊት። እኔ በምሠራበት አካባቢ ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ «ቅመስ እንጂ» ፍቅር ነው፤ እንቢታው ደግሞ ንቀት ተደርጎ ይወሰዳል። ሽማግሌ ተነሥተው ሲቀዱለት የሚከለክል አንደበት ያለው ወጣት ስንት ነው?

ስለ ቦታም ልንገራችሁ። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትላ ነበር። ከ5 ወታደሮች 1 ያህሉ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ይዟቸው ነበር። አገራቸው በገቡ በ10 ወራት ውስጥ ሱሱ ዳግም የያዛቸው ግን ከእነዚያ ሱሰኞች መካከል ከ100 5 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ሱሱን የለመዱበት ሰፈር፣ ሙቀትና ፍርሃት ከእነርሱ ጋር አልመጣም። የእኛ ታካሚ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ የሚገባው ወደዚያው ሰፈር ነው፤ ታክሲው የሚያወርደው ያው ጫት መሸጫ በር ላይ ነው። ስለዚህ ስለ መንገድ ስጠይቀው ቀላል ጥያቄ አይምሰለው። በየት በኩል ነው ወደ ቤትህ የምትገባው? በምን ሰዓት? ደመወዝ በስልክህ የሚገባው መቼ ነው? ያን ምሽት ገንዘቡ በማን እጅ ይደር? እነዚህን አብረን ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ወረቀቱም ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል።

በወረቀቱ ላይ ሀራራ ሲነሣ በየትኛውም ሰዓት የሚደውልላቸው ሰዎች ስምም አለ። ከእነርሱ አንዱ ራሱ ሱስን አልፎ የወጣ ቢሆን እመርጣለሁ። በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ጠጪን ከጠጪ የተሻለ የሚረዳው የለም። በዚያ ማኅበር ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያስታውሷቸውን አራት ነገሮች እኔም ለታካሚዎቼ እነግራለሁ፤ ርቦሃል ወይ? ተናደሃል ወይ? ብቻህን ነህ ወይ? ደክሞሃል ወይ? ሀራራ በአብዛኛው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተንጠላጥሎ ይመጣል። ሳይበላና ሳይተኛ ከዋለ ሰው ጋር ስለ ቆራጥነት ማውራት ትርፍ የለውም። በመጀመሪያ ይብላ፤ ይተኛ።

ሴቶችን ግን ይህ ሁሉ ምክር አያገኛቸውም። ሴት የምትጠጣው ብዙ ጊዜ በር ዘግታ ነው፤ ጓደኛም ግብዣም የለበትም። ቤቱ ሲተኛ ከጓዳ ትጠጣለች፤ የሚያገረሽባትም እንዲሁ ማንም ሳያይ ነው። ወደ እኛ የምትመጣው ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው፤ ኀፍረቱ ያስቀራታል። ቤት ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ ከሆነች ደግሞ እንጀራዋም ሕመሟም አንድ ጋን ውስጥ ነው። እንዲህ ላለችው እናት የሥራ ለውጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል፤ ይህን ደግሞ ክሊኒክ ብቻውን አይፈጽመውም።

ተሳስቶ አንድ ብርሌ የቀመሰ ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ማርላት ከጁዲት ጎርደን ጋር በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር እንዳሳየው፣ ሰውን ከአንዱ መለኪያ ወደ ዓመታት መጠጥ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከመለኪያው በኋላ የሚመጣው ጸጸት ነው። «አንዴ ተበላሽቷል፣ እኔ ሰው አልሆንም» ይልና ኀፍረቱን ለመርሳት ይጠጣል። ሚስት፣ እናት፣ ወንድም በዚያ ሌሊት የሚናገሩት ቃል እንግዲህ እዚህ ላይ ከባድ ነው። የሰከረን ሰው በሌሊት አትውቀሱት፤ ንግግሩ ለጠዋት ይደር። ጠዋት ደግሞ «ስንት ጠጣህ?» ከማለት ይልቅ «ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን ሆነህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለአስተናጋጆችም መልእክት አለኝ። ዳይሰልፊራም የሚባል የአልኮል ሱስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ኩባያ ጠላ እንኳ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። ኪኒኑን ካቆመ በኋላ እንኳ ውጤቱ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ታዲያ እንግዳችሁ «ይቅርብኝ» ሲል ምክንያቱን ሳትጠይቁ ተዉት። ያላደረ ብርዝ ወይም ቡና አቅርቡለት፤ በሰው ፊት «ምነው ተለወጥክ?» አትበሉት።

ታካሚ የሆንክ፣ የሆንሽ፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ላሉት ሃምሳ ቀናት ቀጠሮ አስይዙ፤ በሁዳዴ ውስጥ እያላችሁ። ቀጠሮው ካለፈም፣ ጠጥታችሁም ከሆነ ኑ። የድሮው ካርዳችሁ ይሠራል፤ በጠጣችሁ ማግስት የመጣችሁ ብትሆኑም እንቀበላችኋለን።