ዝናብ ጨዋታ ሲያቋርጥ

ባህር ዳር ስታዲየም ዝናቡ በርትቶ ዳኛው ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል ሲመልስ፣ የሬዲዮ አስተላላፊ ሥራ ይብሱን ይከብዳል። ቴሌቪዥን ዝናቡን ያሳያል። ወረታ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የሚያዳምጠን ሰው ግን ድምፃችን ከጠፋ ጣቢያው የተበላሸ ይመስለዋል።

ስቱዲዮ ያሉ ባልደረቦቼ ቶሎ ሙዚቃ መልቀቅ ይቀናቸዋል። አንድ ዘፈን ይሁን፤ ከዚያ በላይ አልስማማም። አድማጭ ውጤቱን፣ ጨዋታው የቆመበትን ደቂቃና ምክንያቱን ይፈልጋል። ሬዲዮኑን ገና አሁን የከፈተም አለና ደጋግሞ መንገር ግድ ነው። ዳኛው ኳሷን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ማይኩ ወደ ሜዳው ይመለስ። ከፍ አድርጎ ይለቃታል፣ በእግሩም ይገፋታል፤ ካልነጠረች፣ ውሃው ላይም ከቆመች ጨዋታው አይቀጥልም። በደንብ ከተነገረ ይህ ከጎል እኩል ይደመጣል።

የቀረውን ሰዓት ታሪክ ይሙላው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ የነበሩትን ሉቺያኖ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው። በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፍንበት የሴካፋ ፍጻሜና ያንን ጨዋታ ያስተላለፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ፣ ምዕራብ ጀርመንና ፖላንድ ፍራንክፈርት ላይ ከመጋጠማቸው በፊት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሜዳው ውሃ በፓምፕ ሲያስወጡ ነበር።

ለእኛ አድማጭ ግን ትልቁ ወሬ ዝናቡ ራሱ ነው። ሊጉ እስከ ሰኔ በሚዘልቅበት ዓመት ጨዋታው ሲቆም ወረታ አካባቢ ያለው የፎገራ ገበሬ ሩዝ እየዘራ ነው። ሜዳችንን ያበላሸው ውሃ እሱ ማሳው ላይ እንዲተኛለት የሚመኘው ነው፤ በደርግ ዘመን ሩዝ ወደዚያ የገባውም የፎገራ ሜዳ ውሃ ስለሚተኛበት፣ ሌላው እህል ስለሚቸገርበት ነው። ክረምቱ ሲጠና ደግሞ ያው ውሃ የርብንና የጉማራን ወንዞች ሞልቶ ጣና ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ያጥለቀልቃል። ታዲያ ጨዋታ በቆመበት ሰዓት «ዝናቡ እናንተ ዘንድስ ደርሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከሥራችን ውጭ ነው የሚለኝን አልቀበልም።

የጣቢያ ኃላፊዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ውድድሩ ሳይጀመር ከባለሙያዎቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን ሲያቆም የአድማጭ ስልክ ክፍት ይሁን፣ መልስ የሚሰጥ ባለሙያም መስመር ላይ ይጠብቅ።