የልቦለድ መታጠፊያ፦ ከአንደኛው ገቢር ወደ ሁለተኛው መሻገሪያ

ገቢር የተውኔት ሙያ ቃል ቢሆንም የልቦለድን ሴራ ለመተንተንም ያገለግላል። አርስጣጣሊስ «ፖየቲክስ» በተሰኘው ሥራው አንድ ምሉዕ ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዳለው አስተምሯል። አሜሪካዊው ሲድ ፊልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የፊልም ድርሰት መማሪያ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ከጽሑፉ ሩብ ገደማ ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል። ይህ ልኬት ግን ለፊልም የተበጀ ነው። ልቦለድን የሚመረምር ሰው «በስንተኛው ገጽ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው የመመለሻ በር ተዘጋ?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

በዚህ መመዘኛ ሁለት ነገሮችን መለየት ይቻላል። ቀስቃሽ ድርጊት የገጸ ባሕርይውን ኑሮ ያናውጣል፤ ሆኖም ወደ ቀድሞው ሕይወት መመለስን አይከለክልም። መታጠፊያ ግን ባለታሪኩ ወደ ኋላ ቢመለስ እንኳ የቀድሞውን ሰው ሆኖ መኖር የማይችልበት ነጥብ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት መግባቱ መታጠፊያ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መምህሩ ሥራውን ትቶ ቢሄድ ሕይወቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ ስለዚህ ይህ ቀስቃሽ ድርጊት ነው። መታጠፊያው የሁለቱ ፍቅር እርስ በርስ የታወቀበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ በዛብህ ቢቀር ስለቱን ያፈርሳል፣ ቢሄድ ፍቅሩን ያጣል፤ ሰብለም የአባቷን ፈቃድና የልቧን ምርጫ ማስታረቅ አትችልም።

የነጥቡ ክብደት የሚመነጨው ቀደም ሲል ከተዘረጋው መሠረት ነው። ልቦለዱ የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ነው፤ ይህ አጀማመር የዘገየ የሚመስላቸው አንባቢያን አይጠፉም። ይሁን እንጂ ወላጆቹ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸው በዚያ ባይተረክ ኖሮ፣ የበዛብህ ፍቅር ከወጣትነት ስሜት የዘለለ ትርጉም ባልኖረው ነበር። የፊታውራሪ የዘር ኩራትም እንዲሁ አስቀድሞ የተዘጋጀ እንቅፋት ነው። መታጠፊያው አዲስ ኃይል አያመጣም፤ ተለያይተው የቆዩትን ስለትና የዘር ልዩነት በአንድ ሰው ላይ ያገናኛል።

የመታጠፊያው አሰያየም ንባብንም ይወስናል። መታጠፊያው የመምህርነቱ ቅጥር ነው ያለ ተመራማሪ ልቦለዱን በዋነኛነት የመደብ ግጭት አድርጎ ወደ ማንበብ ያዘነብላል። የፍቅሩ መታወቅ ነው ያለ ግን የመደብን ግጭት ሳይተው፣ በዛብህ ከራሱ ስለት ጋር የሚያደርገውን ትግልም በእኩል ይመለከታል። ሁለተኛው ንባብ የልቦለዱን ረጅም መግቢያ ከሴራው ጋር ስለሚያስተሳስር የበለጠ አሳማኝ ነው። ለጀማሪ ደራሲም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ መታጠፊያው ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ ጉድለቱን አስቀድሞ በመጀመሪያው ገቢር ውስጥ መፈለግ ይገባል።