የነጻ ትምህርት ዋጋ፦ የኤሚትስበርግ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና ተልእኮ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከፔንስልቬንያ ድንበር አጠገብ፣ በካቶክቲን ተራሮች ግርጌ የምትገኘው ኤሚትስበርግ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ነዋሪዎቿ ሦስት ሺሕ ያልሞሉ ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ካቶሊካውያን ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ስሟ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ቀድሞ ይነሣል፤ ምክንያቱም ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1810 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቅዱስ ዮሴፍ ነጻ ትምህርት ቤት በሦስት ተመላላሽ ልጃገረዶች ሥራውን የጀመረው በዚያ ነው። «ነጻ ትምህርት ቤት» የሚለው ስም ተማሪዋ የማትከፍልበትን ቤት ያመለክታል እንጂ ወጪ የሌለበትን ቤት አያመለክትም፤ መምህሯ ትበላለች፣ ጣሪያው ይጠገናል፣ ለክረምቱ ማገዶ ይገዛል፣ ይህን ሁሉ የሚሸፍን አንድ ወገን የግድ ይኖራል። የዚህን ትምህርት ቤት ተልእኮ ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው መንገድም ድኻዋ ልጅ ያልከፈለችውን ማን ከፈለላት ብሎ መጠየቅ ነው።

መሥራቿ ኤልሳቤጥ አን ሴተን በ1774 በኒው ዮርክ የተወለዱ፣ አባታቸው ሪቻርድ ቤይሊ የታወቁ ሐኪም የነበሩ፣ እርሳቸውም በአሜሪካ የአንግሊካን ቅርንጫፍ በሆነችው ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ሴት ነበሩ። በ1794 ዊልያም ሴተን የተባሉ ነጋዴ አግብተው አምስት ልጆች ወልደዋል። የባለቤታቸው የመርከብ ንግድ ከስሮ ጤናቸውም በሳንባ ነቀርሳ ሲዳከም፣ የተሻለ አየር ፍለጋ በ1803 ወደ ኢጣልያ ቢሄዱም፣ ከኒው ዮርክ ቢጫ ወባ ይዘው እንዳይሆን ተብሎ በሊቮርኖ ወደብ በቀዝቃዛ የለይቶ ማቆያ ሕንጻ አንድ ወር ያህል ከቆዩ በኋላ ባለቤታቸው በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ ዐረፉ። የሟቹ የንግድ ወዳጆች የነበሩት የፊሊኪ ቤተሰብ መበለቲቱን አስጠግተው የካቶሊክን እምነት አስተዋወቋቸው፤ እርሳቸውም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሰው በማርች 1805 ካቶሊክ ሆኑ። ውሳኔው ዋጋ አስከፈላቸው፤ ዘመድና ወዳጅ ራቃቸው፣ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በማስተማር ሊተዳደሩ ሲሞክሩም ወላጆች «ልጆቻችንን ካቶሊክ ታደርግብናለች» ብለው ስለፈሩ ሥራው አልጸናም።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ካቶሊካውያን ቁጥራቸው አነስተኛ፣ የትምህርት ልምዳቸውም የተቋረጠ ነበር። ሜሪላንድ በ1634 ስትመሠረት ለካቶሊካውያን መጠጊያ እንድትሆን ታስባ የነበረ ቢሆንም፣ በኋላ የወጡት የቅኝ ግዛት ሕጎች፣ በተለይም የ1704ቱ፣ ካቶሊካዊ ሰው ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆች እንዳያስተምር ከልክለው ስለነበር፣ ባለጸጋው ልጁን በድብቅ ባሕር ማዶ ልኮ ሲያስተምር ድኻው ያለ ትምህርት ይቀር ነበር። ከነጻነት ጦርነቱ በኋላ ክልከላው ቢነሣም የተከለከለው ነገር ወዲያው አልተተካም፤ በገጠሪቱ ሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሥርዓት ገና ስላልነበረ፣ የአንድ አነስተኛ ገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ ሴት ልጅ ፊደል የመቁጠር ዕድሏ እጅግ የጠበበ ነበር። በባልቲሞር የቅድስት ማርያም ኮሌጅን ይመሩ የነበሩት ፈረንሳዊው ካህን ሉዊ ዲዩቡር ሴተንን በ1808 ወደ ባልቲሞር ጠርተው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ያደረጉት ይህን ክፍተት ተመልክተው ነው፤ የመጀመሪያው የአሜሪካ ካቶሊካዊ ጳጳስ፣ በኋላም ሊቀ ጳጳሳት የሆኑት ጆን ካሮልም ሐሳቡን ደገፉት።

ሴተንን ወደ ኤሚትስበርግ የመሯቸው የሳሙኤል ኩፐር ገንዘብና ፈቃድ ናቸው። ኩፐር ወደ ካቶሊክ እምነት የገባ፣ ለክህነት ይዘጋጅ የነበረ ባለሀብት ሲሆን፣ ለድኾች ትምህርት ይውል ዘንድ በኤሚትስበርግ አጠገብ 269 ኤከር መሬት የተገዛው በእርሱ ስጦታ ነው፤ ይህ በኢትዮጵያ የቀድሞ ልኬት ሦስት ጋሻ የማይሞላ መሆኑ ነው። ሴተንና ጓደኞቻቸው በ1809 ደርሰው ጁላይ 31 ቀን የቅዱስ ዮሴፍ የፍቅር ሥራ እኅቶች ማኅበርን መሠረቱ፤ «እኅቶች» ወይም በተለመደው አጠራር «ሲስተሮች» ማለት በድንግልና፣ በድኽነትና በመታዘዝ ቃል ኪዳን የሚኖሩ፣ ነገር ግን በገዳም ቅጥር ሳይዘጉ በሕዝብ መካከል የሚያገለግሉ ሴቶች ማለት ነው። መጀመሪያ የገቡበት አሮጌ የድንጋይ ቤት ጠባብና ጣሪያው የሚያፈስስ ስለነበር በብርዱ ወቅት በረዶ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ምግባቸውም ከጨው ሥጋና ከአሬራ ብዙ የዘለለ አልነበረም፣ በቡና ፈንታ የሚጠጡትም ከካሮት የተፈላ ነበር። እኅቶቹ በ1810 መጀመሪያ ወደ አዲስ ቤት በተዛወሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጻው ትምህርት ቤት ሥራ መጀመሩ፣ የራሳቸው ኑሮ እስኪደላደል ድረስ ትምህርቱን እንዳላዘገዩት ያሳያል።

ብዙ ተራኪዎች በዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የታሪኩ ቁም ነገር ግን ገና አልተነካም። ስጦታው መሬት ሰጠ እንጂ የዓመት ገቢ አልሰጠም፤ እኅቶቹም ደመወዝ የሌላቸው ቢሆኑ ይበላሉ፣ ይታመማሉ። ስለዚህ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ክፍያ የሚከፍሉ አዳሪ ተማሪዎችን መቀበል ጀመሩ፤ ከደኅና ቤተሰብ የመጡት ልጃገረዶች ከንባብ፣ ከጽሕፈት፣ ከሒሳብና ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ፈረንሳይኛና ሙዚቃ ይማሩ ነበር፣ የእነርሱ ወላጆች የሚከፍሉት ገንዘብም የማኅበሩን ቤት ደግፎ ተመላላሾቹ የከተማ ልጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩ አስቻለ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አደጋ አለው፣ ምክንያቱም የሚከፍለው ወገን ቀስ በቀስ ቤቱን የራሱ ሊያደርገውና የማይከፍለው ወደ ጓሮ ሊገፋ ይችላል።

ይህ ውጥረት በማኅበሩ ደንብ ላይ በግልጽ ታይቷል። ሴተንና አማካሪዎቻቸው የመረጡት ሥርዓት ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 በፓሪስ ለመሠረቱት የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር የተጻፈው ነው፤ የዚያ ማኅበር ዓላማ ድኾችን፣ በሽተኞችንና የተጣሉ ሕፃናትን ማገልገል ስለነበር፣ ባለጸጎችን በክፍያ ማስተማር የተልእኮው ክፍል አልነበረም። ደንቡ በአሜሪካ ሁኔታ ላይ ሲውል፣ የሚከፍሉ ተማሪዎች ከሌሉ ነጻው ትምህርት ቤት እንደማይቆም ስለታወቀ፣ የሚከፍሉ ልጃገረዶችን ማስተማር እንዲፈቀድ ተሻሻለ፤ ሊቀ ጳጳሳት ካሮልም የተሻሻለውን ደንብ በጃንዋሪ 1812 አጸደቁት። ሴተን የልጆቻቸው አሳዳጊ ሆነው መቀጠላቸውም በዚሁ ሂደት የተጠበቀ መብት ነው፤ እናትነትንና የማኅበር አለቃነትን አብሮ መያዝ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። በዚህ ጸሐፊ ፍርድ፣ የኤሚትስበርግ ትልቁ ፈጠራ በትምህርት ይዘቱ አይደለም፤ ለድኻው የገቡትን ቃል ሳያጥፉ የገንዘቡን ምንጭ በጽሑፍ ደንግገው በግልጽ መቀበላቸው ነው። ቅን ሐሳብ ብቻውን ትምህርት ቤት አያቆምም፤ ገንዘብ ብቻውንም ተልእኮ አይሆንም።

ይህ ሲባል በክፍያው በኩል የነበረውን ጨለማ መሸፈን አይገባም። ሜሪላንድ እስከ 1864 ድረስ ባርነት በሕግ የተፈቀደባት ግዛት ነበረች፤ ሴት ልጁን በአዳሪነት ለማስተማር አቅም ከነበረው ማኅበረሰብ ሀብት ውስጥ ከፊሉ በባሪያ ጉልበት የተገኘ መሆኑ አይካድም። ለነጻዋ ልጅ የተከፈለው ገንዘብ ነጻነት ከተነፈገው ሰው ላብ ጭምር የመጣ ሊሆን መቻሉ የትምህርት ቤቱን በጎነት አይሰርዘውም፤ ነገር ግን ታሪኩን የሚናገር ሁሉ ሊሸከመው የሚገባ እውነት ነው።

ሁለተኛው ክፍያ በሰው ሕይወት የተከፈለው ነው። የሳንባ ነቀርሳ በጠባብ ቤት፣ በብርድና በድካም መካከል በቀላሉ ይተላለፋል፤ የሴተን የባለቤታቸው እኅቶች ሃሪየትና ሲሲልያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዐረፉ፣ የበኩር ልጃቸው አና ማሪያ በ1812፣ የመጨረሻዋ ሬቤካ በ1816 ተከተሉ፣ እርሳቸውም ጃንዋሪ 4 ቀን 1821 በ46 ዓመታቸው በዚያው በኤሚትስበርግ ሞቱ። ከዚያ በፊት ግን ማኅበሩ በ1814 ወደ ፊላደልፊያ፣ በ1817 ወደ ኒው ዮርክ እኅቶችን ልኮ የሙት ልጆችን ማሳደግ ጀምሮ ነበር፤ በትንሿ ከተማ የተፈተነው አሠራር ወደ ታላላቆቹ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ሴተን «የአሜሪካ የቁምስና ትምህርት ቤቶች መሥራች» ተብለው ሲጠሩ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ቁምስና ማለት በአንድ ቆሞስ የሚመራ የአጥቢያ ምእመናን ማኅበር ሲሆን፣ የቁምስና ትምህርት ቤትም በዚያ ማኅበር ወጪ የሚተዳደር ነው፤ የኤሚትስበርጉ ግን የእኅቶቹ ማኅበር ንብረት እንጂ የአጥቢያው አልነበረም። በኒው ኦርሊንስ የኡርሱላ እኅቶች ገና ከተማዋ በፈረንሳይ እጅ ሳለች ከ1727 ጀምሮ ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር፤ በጆርጅታውን ያሉት የቪዚቴሽን እኅቶች ትምህርት ቤትም በ1799 የተጀመረ ነው። ስለዚህ ሴተን የሁሉ ቀዳሚ ናቸው ማለት አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ የተወለደ፣ በፍላጎት መጠን የሚባዛ የመምህራን ማኅበር ያቋቋሙ ግን እርሳቸው ናቸው፤ በ1884 በባልቲሞር የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ሲያዝዝ፣ ትእዛዙ ሊፈጸም የቻለው እንዲህ ያሉ ማኅበራት መምህራንን ስላቀረቡ ነው።

የገንዘቡ ጥያቄ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደገና ተነሣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ይማሩ ነበር፤ ዛሬ ቁጥራቸው ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። ለመቀነሱ የቤተሰብ መጠን፣ የመኖሪያ ሰፈር መለዋወጥና የእምነት መላላት ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ከሁሉ ግን በጸጥታ የሠራው ምክንያት የእኅቶቹ ቁጥር ማነስ ነው። በ1965 ገደማ 180,000 ያህል የነበሩት ሲስተሮች ዛሬ 40,000 አይሞሉም። ለምግብና ለልብስ ያህል ብቻ እየተቀበሉ ያስተምሩ የነበሩት ሴቶች ሲያረጁ፣ በቦታቸው የገቡት ምእመናን መምህራን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ በመሆናቸው ደመወዝ ይገባቸዋል፤ ደመወዙም ወደ ወላጅ ክፍያ ተሸጋገረ፣ ክፍያውም ድኻውን ከበሩ መለሰ። ለመቶ ሃምሳ ዓመታት ትልቁ ለጋሽ ማን እንደነበረ በግልጽ የታወቀው፣ ልግስናው በተቋረጠ ጊዜ ነው።

ከቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል የተነሡት ማኅበራት ቤተሰብ ከኢትዮጵያ ጋርም እውነተኛ ዝምድና አለው። በኢትዮጵያ አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት፣ በ1839 ወደ ዓድዋ የገቡትና በጓላ የካህናት ማሠልጠኛ ያቋቋሙት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ቅዱስ ቪንሰንት የመሠረተው የላዛሪስት ካህናት ማኅበር አባል ነበሩ፤ የኤሚትስበርግ እኅቶችም በ1850 ከፈረንሳዩ የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር ጋር ሲዋሐዱ የዚሁ ቤተሰብ ሙሉ አካል ሆነዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ሴተንን ሴፕቴምበር 14 ቀን 1975 በአሜሪካ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ ቅድስት አድርገው ካወጁ ከስድስት ሳምንታት በኋላ፣ ኦክቶበር 26 ቀን የአቡነ ያዕቆብን ቅድስና አውጀዋል። በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን ከመኖሪያቸው በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ በማይርቅ ስፍራ የአቡነ ያዕቆብ ቤተሰብ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ እንደሚገኝ ቢያውቁት መልካም ነው።

የአዳሪዎቹ ትምህርት ቤት በኋላ ወደ ኮሌጅነት አድጎ በ1973 ተዘጋ፤ ግቢውን የፌዴራሉ መንግሥት ገዝቶት ዛሬ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ይሠለጥኑበታል። ለሌላው ወጪ እንዲሸፍን የተቋቋመው ክፍል አልፎ፣ እንዲሸፈንለት የታሰበው ግን ዘልቋል። በመሥራቿ ስም የሚጠራው የእናት ሴተን ትምህርት ቤት አሁንም በኤሚትስበርግ ከቅድመ መደበኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ወንዶችንም ሴቶችንም ያስተምራል፤ ወላጆች ይከፍላሉ፣ መክፈል ለሚያቅታቸው ደግሞ የድጋፍ ገንዘብ ይሰበሰባል። ከሚከፍለው ተቀብሎ ለማይከፍለው የማብቃቱ ሥራ በየዓመቱ፣ የትምህርት ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት፣ እንደ አዲስ ይሠራል።